ማሽኑ እምቢ ያለው ማባዛት

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የእንግሊዝ ጨዋታዎች ሊጀምሩ ጥቂት ሲቀራቸው፣ መገናኛ አካባቢ ካሉት ቤቲንግ ቤቶች በአንዱ መቀመጫ ማግኘት ዘበት ነው። ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ስክሪኖች ግማሾቹ ኦድ ያሳያሉ፤ ጥግ ላይ ያለው ደግሞ በኮምፒውተር የተሠሩ ውሾችን ያሯሩጣል። ካሸሯ ፊት የተሰለፉት በሙሉ ወንዶች ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ቀለም ቀቢ ነው፤ ክንዱ ላይ የደረቀው ነጭ ቀለም ሙያውን ሳይጠየቅ ይናገራል። ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ የጨዋታ ኮዶች ጽፎ፣ አንዱን ሰርዞ፣ ሌላ ተክቶ፣ ተሰልፎ ቲኬቱን ቆርጦ ተመለሰ።

«ስንት ጨዋታ ነው?» አልኩት።

«አስር። ግን ሁሉም ሹር ናቸው ጋሼ። ትልልቅ ቡድን ብቻ ነው የያዝኩት፣ ያውም በሜዳቸው።»

ቲኬቱን አሳየኝ። አልዋሸም። አስሩም ያሸንፋሉ ተብለው የሚጠበቁ ቡድኖች ናቸው፤ ኦዳቸው 1.40 አካባቢ ይመላለሳል። ያስያዘው 50 ብር ነው፣ አስሩም ከገቡለት የሚያገኘው 1,400 ከምናምን። አንድ በአንድ ጣቱን እያስቀመጠ ቢያስረዳኝ የምከራከርበት ጨዋታ አልነበረም። ቲኬቱ ግን ስለ እያንዳንዱ ጨዋታ ምንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አስሩም አብረው ይሆናሉ ወይ ብሎ ነው፤ ይኼ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ኦድ የተገለበጠ ዕድል ነው፤ 1ን ለ1.40 ስናካፍል 0.714 ይመጣል፣ 71 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ነገር ግን ቤቱ ትርፉን ኦዱ ውስጥ አስቀድሞ ስለሚከት ቡድኑ በእርግጥ የማሸነፍ ዕድሉ ከዚያ ዝቅ ይላል። ለስሌታችን 68 በመቶ እንበለው፣ ሁሉንም ጨዋታ ደግሞ እኩል 1.40 እናድርገው። ልጁ ይህንን ዓይነት ቲኬት ሺህ ቅዳሜ ቆረጠ ብለን እናስብ። የመጀመሪያው ቡድን የሚያሸንፍለት በ680ዎቹ ቅዳሜዎች ነው። ሁለተኛው ጨዋታ ትርጉም የሚኖረው በእነዚህ በ680ዎቹ ላይ ብቻ ነው፤ በቀሩት 320ዎቹ ቲኬቱ ሞቷል። ከ680ዎቹ ውስጥ 68 በመቶው ማለት 462 ነው። ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ 314 ይቀራል፣ ከአራተኛው በኋላ 214፣ ከአምስተኛው በኋላ 145። ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነን። ከስድስተኛው በኋላ 99፣ ከዚያ 67፣ ከዚያ 46፣ ከዚያ 31፣ መጨረሻ ላይ 21።

ከሺህ ቅዳሜ 21። «እና» የሚለው ቃል ባለበት ሁሉ ዕድል የሚባዛው በዚህ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት በሳንቲምና በዳይስ ስንማረው እንደ ሕግ ተነግሮን አለፈ እንጂ ከላይ ካየነው ማጣራት የተለየ ነገር የለውም። ሁለተኛው የሚያጣራው ከመጀመሪያው የተረፈውን ነው፤ ክፍልፋይን በክፍልፋይ ማባዛት ማለት ይኸው ነው።

ከዚሁ ሒሳብ የሚወጣ ሌላ ቁጥር አለ፣ ቤቲንግ ቤት ለሚያመላልሰው ሰው ከ21ዱ የበለጠ የሚገባው እሱ ይመስለኛል። እዚህ ቤት ውስጥ በአንድ ከሰዓት ደጋግሞ የሚሰማው ሮሮ «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ!» ነው። ሰውዬው ቲኬቱን እያሳየ ይምላል፤ ዘጠኙ ገብተው አንዱ በ90ኛው ደቂቃ አቻ ወጥቶበታል። የሚሰማው ሁሉ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ለጥቂት እንዳመለጠውና በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚሳካለት ያምናል። አሁን እናስላው። ዘጠኙ እንዲገቡ 0.68ን ዘጠኝ ጊዜ እናባዛለን፤ አንዱ እንዲወድቅ በ0.32 እናባዛለን፤ የሚወድቀው ከአስሩ የትኛውም ሊሆን ስለሚችል ውጤቱን በ10 እናባዛለን። የሚመጣው 0.0995 ነው፣ ከሺህ ቅዳሜ 99 ገደማ። አስሩም የሚገቡባቸው 21 ነበሩ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድል አምስት ያህል «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» ይኖራል ማለት ነው። ለጥቂት ማምለጡ ከቲኬቱ አሠራር የሚመጣ ነው፣ ዕድል እየቀረበች መሆኗን አያሳይም። ተጫዋቹን ሰኞ ደግሞ የሚመልሰው ግን ይኸው ለጥቂት ማምለጥ ነው።

የቤቱ ትርፍም አብሮ ይባዛል። ልጁ በአንድ ጨዋታ ብቻ 100 ብር ቢያስይዝ በአማካይ የሚመለስለት 1.40 ሲባዛ በ0.68፣ ማለትም 95 ብር ከ20 ሳንቲም ነው። ቤቱ 4 ብር ከ80 ወሰደ፤ ብዙም አያስከፋም። አስሩን ሲያጣምራቸው ግን 0.952 አስር ጊዜ ይባዛል፤ ከ100 ብሩ በአማካይ የሚመለሰው 61 ብር ከምናምን ነው። ከመቶው ወደ 39 ብር ቤቱ ጋ ቀረ። ጨዋታ በጨመረ ቁጥር ቲኬቱ ላይ የሚታየው የሽልማት ገንዘብ ያብጣል፣ የማይታየው የቤቱ ድርሻም አብሮት ያብጣል። በየስክሪኑ ላይ ብዙ ጨዋታ ለሚያጣምር «ቦነስ» የሚታደለው ለደግነት አለመሆኑን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ይህን ለልጁ በወረቀቱ ጀርባ ላይ ሠራሁለት። ዝም ብሎ ተከታተለኝና፣ «ታዲያ ቢያንስ ሰባቱ ይገባሉ አይደል?» አለ። በእውነቱ ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ከአስሩ በአማካይ ሰባት ያህሉ ይገባሉ። ቲኬቱ ግን ለሰባት አይከፍልም።

«ቢያንስ» የሚለው ቃል ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1654 ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ስለ ቁማር ሒሳብ የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች የዕድል ሒሳብ እንዲወለድ ምክንያት ሆነዋል። ነገሩን የቆሰቆሰው ሼቫሊዬ ደ ሜሬ የሚባል ቁማር የሚያዘወትር ሰው ነበር። አንድ ዳይስ አራት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንድ ስድስት ይወጣል ብሎ መወራረድ እንደሚያዋጣ ይታወቅ ነበር። ሁለት ዳይስ አብረው ሲወረወሩ ሁለቱም ስድስት የመውጣታቸው ዕድል ከ36 አንድ ነው፣ የአንዱ ዳይስ ስድስተኛ። እንግዲያው አራትን በስድስት ብናባዛ፣ 24 ጊዜ መወርወርም ያንኑ ያህል ማዋጣት ነበረበት። አላዋጣም።

«ቢያንስ አንድ» ሲባል በቀጥታ ከመቁጠር ይልቅ ተቃራኒውን መያዝ ይቀላል። የቢያንስ አንድ ተቃራኒ «አንድም ሳይወጣ» ነው። በአንድ ውርወራ ስድስት ያለመውጣቱ ዕድል አምስት ስድስተኛ ነው፤ አራት ጊዜ ብናባዛው 0.482 ይሆናል፣ ከ1 ሲቀነስ 0.518። ከግማሽ በላይ፣ ያዋጣል። ለሁለቱ ዳይስ 35 ሠላሳ ስድስተኛን 24 ጊዜ እናባዛለን፤ 0.509 ይመጣል፣ ከ1 ሲቀነስ 0.491። ከግማሽ በታች፣ ያከስራል። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሚጫወት ሰው ግን ኪስ ባዶ ለማድረግ ይበቃል።

እኛ ዘንድ ይህን ሒሳብ ስሙን ሳይጠራ ሲሠራበት የኖረው ዲቪ ሞይ ነው። ዲቪ በሚሞላበት ሰሞን ባልና ሚስት አንድ ፎርም ብቻ አይሞሉም፤ ባል የራሱን ሞልቶ ሚስቱን ያካትታል፣ ሚስትም የራሷን ሞልታ ባሏን ታካትታለች። ከሁለቱ የአንዳቸው መውጣት ለሁለቱም ይበቃል። የአንዱ ሰው ዕድል ለምሳሌ ከመቶ አንድ ነው ብንል፣ የሁለቱ ቢያንስ አንድ የመውጣት ዕድል 0.99 በ0.99 ተባዝቶ ከ1 ሲቀነስ 0.0199 ነው፤ ሁለት በመቶ ለመሙላት ትንሽ ጎደለው። የጎደለችው ሁለቱም ቢወጡ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር የተቀነሰችው ናት። አንድ ሰው በራሱ ስም ሁለት ጊዜ ከሞላ ግን ዕድሉ አይጨምርም፤ ደንቡ ከውድድሩ ያስወጣዋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ «እና» ይመለሳል። ስም መውጣት ብቻውን ቪዛ አይደለም፦ የትምህርት ወይም የሥራ ልምድ መሥፈርቱን ማሟላት፣ እና የቃለ መጠይቅ ተራ መድረስ፣ እና የበጀት ዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ከመዘጋቱ በፊት መጨረስ። በሕጉ መሠረት በዓመት የሚሰጠው ቪዛ ቢበዛ 55,000 ሆኖ ሳለ የሚመረጠው ሰው ከዚያ በእጅጉ የሚበልጠው፣ አሜሪካኖቹ ይህን ማጣራት አስቀድመው አስልተው ስለገቡበት ነው።

ወደ ቤቲንግ ቤቱ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝን ነገር ያየሁት እዚያ ካሸሯ መስኮት ላይ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው በአንድ ጨዋታ ላይ ሁለት ነገር ለማጣመር ፈልጓል፤ ባለሜዳው እንዲያሸንፍ፣ በዚያው ጨዋታ ላይ ደግሞ ከሁለት ጎል በላይ እንዲቆጠር። ካሸሯ አስገባችው፣ ማሽኑ አልቀበልም አለ። ሰውዬው ተቆጣ። «ከአንድ ጨዋታ ሁለት አይያዝም» አለችው፤ ለምን እንደሆነ ግን እሷም አልነገረችውም፣ እሱም አልጠየቀም።

ምክንያቱ የሒሳብ ነው። ዕድሎችን እንዲሁ በቀጥታ ማባዛት የሚቻለው አንዱ ክስተት ሌላውን በማይነካበት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት የተለያዩ ከተሞች ውስጥ የሚደረጉ ጨዋታዎች በአብዛኛው አይነካኩም፣ ስለዚህ ኦዳቸውን ማባዛት ቤቱን አይጎዳውም። ጠንካራ ቡድን በሜዳው ባሸነፈበት ጨዋታ ግን ጎል መብዛቱ የተለመደ ነው። ባለሜዳው የማሸነፍ ዕድሉ 60 በመቶ፣ ከሁለት ጎል በላይ የመቆጠሩም 50 በመቶ ቢሆን፣ ማባዛቱ 30 በመቶ ይላል። ባለሜዳው ካሸነፈ ጎል የመብዛቱ ዕድል ወደ 65 በመቶ ከፍ የሚል ከሆነ ግን ትክክለኛው መልስ 0.60 ሲባዛ በ0.65፣ 39 በመቶ ነው። ቤቱ ለ30 በመቶ የሚከፈለውን ከፍሎ በ39 በመቶ ይሸነፍ ነበር። ስለዚህ ወይ ይከለክላል፣ ወይም ለእንዲህ ያለው ጥምረት ለብቻው ያሰላውን ዝቅ ያለ ኦድ ያቀርባል። ማባዛቱ ሁልጊዜም ይሠራል፤ ሁለተኛው ቁጥር «የመጀመሪያው ከሆነ በኋላ» የሚለው መሆን አለበት እንጂ።

አልፎ አልፎ የተለያዩ ጨዋታዎችም ይነካካሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ አልጄሪያ የምድብ ጨዋታዋን አንድ ቀን ቀድማ ጨርሳ ነበር፤ በማግሥቱ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ሂሆን ላይ ሲገናኙ የትኛው ውጤት ሁለቱንም እንደሚያሳልፍ ያውቁ ነበር። ጀርመን ገና በጊዜ አንድ ጎል አገባች፣ የቀረውን ጊዜ ኳስ እየተቀባበሉ ጨረሱት። የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲጀመሩ የተደረገው ከዚህ በኋላ ነው። ለአልጄሪያ የሚቆጨው አሁንም ይቆጨዋል።

አሁን እንግሊዝ አገር ወደሚገኝ ፍርድ ቤት እንሂድ። ሳሊ ክላርክ የሕግ ባለሙያ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ በተወለደ በ11 ሳምንቱ፣ ሁለተኛው በ1998 መጀመሪያ በ8 ሳምንቱ ሞቱባት። ሁለቱንም ገድላለች ተብላ ተከሰሰች፤ በኖቬምበር 1999 የቼስተር ፍርድ ቤት የጁሪ አባላት አሥር ለሁለት በሆነ ድምፅ ጥፋተኛ አሏት፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። በችሎቱ ላይ የመሰከሩት ታዋቂው የሕፃናት ሐኪም ሰር ሮይ ሜዶው ነበሩ። እናቱም አባቱም የማያጨሱ፣ ገቢ ያላቸው፣ እናትየዋም ከ26 ዓመት በላይ በሆነችበት ቤተሰብ ውስጥ ሕፃን በእንቅልፉ ሳለ ምክንያቱ ሳይታወቅ የመሞቱ ዕድል ከ8,543 አንድ ነው አሉ። ሁለት ሕፃናትስ? 8,543ን በ8,543 አባዙት፦ ከ73 ሚሊዮን አንድ። የጁሪ አባላቱ እንዲገባቸውም ከፈረስ ውርርድ ምሳሌ ጠቀሱ፤ ማንም የማይጠብቀውን ባለ 80 ለ1 ፈረስ በግራንድ ናሽናል ውድድር አራት ዓመት በተከታታይ ይዞ ማሸነፍ ነው ሲሉ አስረዱ።

ከውርርድ ምሳሌ ማምጣታቸው ካልቀረ፣ ምነው አንድ አወራራጅ ጠይቀው በነበር። የተለያዩ ዓመታት ፈረሶች አይነካኩም። የአንድ እናትና አባት ልጆች የዘር ውርሳቸው፣ የሚተኙበት ክፍል፣ የሚተነፍሱት አየር አንድ ነው። በሚታወቅም በማይታወቅም ምክንያት አንድ ሕፃን በዚህ ሁኔታ የሞተበት ቤተሰብ ሌላ የመሞቱ ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ጉዳዩን ያጠኑት የሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ ሬይ ሂል ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ገምተውታል። የመገናኛው ማሽን እምቢ ያለውን ማባዛት የቼስተሩ ችሎት ተቀበለው። ልዩነታቸው ምን ይሆን ብዬ ሳስብ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፤ ቤቲንግ ቤቱ ሲሳሳት ከራሱ ኪስ ይከፍላል።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይከፋል። ቁጥሩ ትክክል ነው ብንል እንኳ፣ ከ73 ሚሊዮን አንድ የሚለው ንጹሕ የመሆኗን ዕድል አይነግረንም። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ተራ በተራ መግደሏም እጅግ ብርቅ የሆነ ነገር ነው። ልጆቹ ሞተዋል፤ ከሁለቱ ብርቅ ነገሮች አንዱ ሆኗል። መመዘን ያለበት ከሁለቱ የቱ ይበልጥ ብርቅ ነው የሚለው ነው፣ ያንን ደግሞ ችሎቱ ላይ ማንም አላሰላውም። የእንግሊዝ ሮያል ስታቲስቲካል ሶሳይቲ በኦክቶበር 2001 ባወጣው መግለጫ ያ ማባዛት ስታቲስቲካዊ መሠረት እንደሌለው ገልጾ ተቃወመ። ሳሊ ክላርክ በጃንዋሪ 2003 በሁለተኛው ይግባኝ ነፃ ወጣች፤ ለዚህ ዋናው ምክንያት የሁለተኛውን ልጅ ኢንፌክሽን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት ለመከላከያው ሳይሰጥ መቅረቱ መታወቁ ነበር። ከዚያ በኋላ አላገገመችም። በ2007 በ42 ዓመቷ ሞተች።

የሚያሳዝነው ስሕተቱ አዲስ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ተነጠቁ። ምስክሮች ፀጉሯን ወደኋላ ያሰረች ወርቃማ ፀጉር ሴት ሮጣ ጢምና ሪዝ ያለው ጥቁር ሰው በሚነዳው ቢጫ መኪና ውስጥ ስትገባ አየን አሉ። መግለጫው የሚመጥነው ጥንድ ተያዘ። ዐቃቤ ሕጉ ቁጥሮች ደረደረ፦ ቢጫ መኪና ከ10 አንድ፣ ሪዝ ያለው ወንድ ከ4 አንድ፣ ፀጉሯን ያሰረች ሴት ከ10 አንድ፣ ወርቃማ ፀጉር ከ3 አንድ፣ ጢም ያለው ጥቁር ወንድ ከ10 አንድ፣ መኪና ውስጥ የሚገኙ ጥቁርና ነጭ ጥንዶች ከሺህ አንድ። ሁሉንም አባዝቶ ከ12 ሚሊዮን አንድ አለ። ጢም ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሪዝም እንዳለው ለማወቅ ጸጉር አስተካካይ መሆን አያስፈልግም፤ ቁጥሮቹም ቢሆኑ ዐቃቤ ሕጉ ከራሱ ያመጣቸው ናቸው፣ ማስረጃ አልቀረበባቸውም።

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1968 ፍርዱን ሲሽር እነዚህን ሁሉ ጠቀሰ። እኔ ግን ከውሳኔው የምወደው መጨረሻ ላይ የተያያዘውን የሒሳብ አባሪ ነው። ዳኞቹ፣ ይሁን፣ ከ12 ሚሊዮን አንድ የሚለውን እንቀበልላችሁ አሉ። በአካባቢው ሊጠረጠሩ የሚችሉ ጥንዶች ብዛት 12 ሚሊዮን ያህል ነው ብለን ብናስብ፣ አንድ እንዲህ ያለ ጥንድ መኖሩን አስቀድመን ካወቅን፣ ቢያንስ ሌላ አንድ ተመሳሳይ ጥንድ የመኖሩ ዕድል ስንት ነው? የሼቫሊዬ ደ ሜሬን እንቆቅልሽ የሚፈታውን ዘዴ ተጠቅመው፣ «አንድም ሳይኖር»ንና «አንድ ብቻ ሲኖር»ን ከ1 ቀንሰው፣ የቀረውን ቢያንስ አንድ ለመኖሩ ዕድል አካፈሉት። ከ40 በመቶ በላይ መጣ።